የሕንድ የዶሮ ካሪ በቤት ውስጥ፦ የት እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚስተካከል

የሕንድ ካሪ በቤታቸው ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚያነሡት ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ቅመሙ ሁሉ ተገዝቷል፣ የተባለው ሁሉ ተጨምሯል፣ የወጣው ግን ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ውሃው ለብቻው ቅመሙ ለብቻው የቆመ ወጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሌላ ቅመም ፍለጋ ይወጣል። አትውጡ። ጉድለቱ ያለው ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሳይቀላ ቲማቲም ከገባ፣ ቲማቲሙም ውሃውን ሳይጨርስ ዶሮው ከተከተለ፣ ኋላ የሚነሰነስ ቅመም ድስቱን አያድነውም።

ሕንድ ውስጥ ካሪ የሚባለው ምግብ ብዙ ዓይነት ነው። ኬራላ የኮኮናት ወተትና የካሪ ቅጠል ይበዛበታል፤ ቤንጋል በሰናፍጭ ዘይት ዓሣ ይሠራበታል። እዚህ የምንሠራው በሰሜን ሕንድ፣ በተለይም በፑንጃብ ቤቶች የተለመደውን በሽንኩርትና በቲማቲም የሚቆም የዶሮ ካሪ ነው። የመረጥሁት የሚያስፈልገው ሁሉ በቀላሉ ስለሚገኝ፣ ይህን የለመደ እጅም የሽንብራውን፣ የእንቁላሉንና የድንቹን ካሪ ያለ ብዙ ድካም ስለሚሠራ ነው። ሥራው ሲገባችሁ ከምድጃው አጠገብ መራቅ ያቅታችኋል፤ እዚያ እንድትደርሱ እፈልጋለሁ።

ጊዜ፦ ለመዘፍዘፊያው ከሚያስፈልገው ውጪ ለፈረንጅ ዶሮ 2 ሰዓት ያዙ፤ የአበሻ ዶሮ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ40 ደቂቃ ይደርሳል የሚል መመሪያ ካያችሁ የሽንኩርቱን ጊዜ ሰርቋል ማለት ነው።

የወጥ ልማድን ለይቶ ማስቀመጥ

ዶሮ ወጥ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ትዕግሥቱም የእሳት አያያዙም አለው። ነገር ግን ሦስት ልማዶች ካሪውን ወደ ወጥ ይመልሱታል።

አንደኛው ሽንኩርትን ያለ ዘይት ማቁላላት ነው። ለቁሌት ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ቀልጦ ይጣፍጣል። ለካሪ ግን ዘይቱ ከመጀመሪያው መግባት አለበት፤ ሽንኩርቱ መጠበስና መቅላት እንጂ መቅለጥ ብቻ አይበቃውም።

ሁለተኛው በርበሬ ነው። የተዘጋጀ በርበሬ በውስጡ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሌላም አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ብትጨምሩ ሌላው ቅመም ሁሉ ይዋጣል። የምትፈልጉት ያልተቀመመ የቃሪያ ዱቄት ነው። የካሽሚር ቃሪያ የሚባለው ሕንዳዊ ዱቄት ቀለሙ ደማቅ፣ ማቃጠሉ ግን ለዘብ ያለ ስለሆነ ከተገኘ እሱን ያዙ። ካልተገኘ ዛላ በርበሬ ወስዳችሁ ፍሬውን አራግፉ፣ በሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፉና ፍጩት፤ ቀለሙ ያስደስታችኋል።

ሦስተኛው ንጥር ቅቤ ነው። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ለዚህ ድስት አይሆንም። ቅቤ ከፈለጋችሁ ቅመም ሳይገባበት የነጠረውን ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሽታ የሌለው የምግብ ዘይት ይበቃል።

ቅመም ስትገዙ የሚያምታቱ ስሞች

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ይሳሳታል። ለካሪ የሚያስፈልገው ከሙን ነው። ነጭ አዝሙድ ሌላ ተክል ነው፤ ፍሬው አነስ ይላል፣ ስታሹት ሽታው እንደ ጦስኝ ይወጋል፣ በብዛት ሲገባም ምግቡን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ጥቁር አዝሙድም ከሙን አይደለም። ሱቅ ውስጥ ስሞቹ ስለሚደበላለቁ በስሙ ብቻ አትመኑ፤ ጥቂት ፍሬ በመዳፋችሁ አሽታችሁ አሽትቱ።

ሄልና ኮረሪማም እንዲሁ ናቸው። የምትፈልጉት አረንጓዴውን ትንሹን ሄል ነው። ኮረሪማ ጠረኑ ወፍራምና የተለየ ስለሆነ አይተካውም። ሄል ከጠፋ ያለ እሱ ሥሩት እንጂ ኮረሪማ አታስገቡ።

በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ታሽጎ «ካሪ» ተብሎ የሚሸጠውን ቢጫ ዱቄት ለዚህ አሠራር አያስፈልጋችሁም። ብዙውን ጊዜ እርድ ይበዛበታል፤ ድስቱን ቢጫ ያደርጋል እንጂ ጣዕሙን አይሸከምም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከሙን፣ ድምብላል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬና እርድ መርካቶ ካሉት የቅመም ሱቆች ሁሉንም ታገኛላችሁ፤ ሄልም አለ። በዱባይ፣ በሪያድ፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የሕንድ ወይም የፓኪስታን ግሮሰሪ ፈልጉ፤ ከትልልቅ ገበያዎች ይልቅ ቅመሙ ትኩስ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የትም ግዙ፣ ድምብላሉንና ከሙኑን ሳይፈጩ ግዙና ቤታችሁ ፍጩ። ተፈጭቶ ወራት የተቀመጠ ድምብላል ከመጋዝ ዱቄት አይሻልም።

የሚያስፈልጋችሁ (ለ4 እስከ 5 ሰው)

ዶሮ፦ 1 ኪሎ፣ ከነአጥንቱ፣ ቆዳው የተገፈፈ። ከደረት ይልቅ ታፋና እግር ይመረጣል፤ ደረት ቶሎ ይደርቃል።
ለመዘፍዘፊያ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ እርጎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ።
ዘይት፦ 6 የሾርባ ማንኪያ። አትቀንሱት፤ ምግቡ ሲደርስ ከላይ የተንሳፈፈውን ቀድቶ ማውጣት ይቻላል።
ቀይ ሽንኩርት፦ 4 መካከለኛ፣ 450 ግራም ገደማ።
ነጭ ሽንኩርት፦ 1 መካከለኛ ራስ። ዝንጅብል፦ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል።
የበሰለ ቲማቲም፦ 3 እስከ 4፣ 350 ግራም ገደማ።
ያልተፈጨ ቅመም፦ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 5 ሄል፣ 4 ቅርንፉድ፣ ጣት የምታህል ቀረፋ።
የተፈጨ ቅመም፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ድምብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 2 የሻይ ማንኪያ ለዘብ ያለ የቃሪያ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ።
ለማጠናቀቂያ፦ 1 የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ (በደረጃ 2 አምሳችሁ የምትፈጩት የቅመም ድብልቅ፤ የሚገባበት ቅመም እዚያው ተዘርዝሯል)፣ ጥቂት የድምብላል ቅጠል፣ ከተገኘ 1 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የአብሽ ቅጠል።

የአብሽ ቅጠል ከሌላችሁ ተዉት። የአብሽ ፍሬ ዱቄት በመጨረሻ ላይ ብትነሰንሱ ድስቱ በሙሉ ይመራል።

ድስቱ ወፍራም መቀመጫ ያለው ይሁን። ስስ ድስት በሽንኩርቱ ደረጃ ላይ ይከዳችኋል፤ መሐሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ዶሮውን ዘፍዝፉ

ዶሮውን ከ10 እስከ 12 ቁራጭ አድርጉት። በሎሚና በጨው አጥቦ የማሳደር ልማድ ያላችሁ ሎሚውን ቶሎ አለቅልቁት፤ እርጎው ራሱ ጎምዛዛ ነው፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ሥጋውን ይለውሱታል። ውሃውን በደንብ አጥልሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቁ። እርጎውን፣ ጨውንና እርዱን መትታችሁ ቀቡት። ቢያንስ 1 ሰዓት፣ ቢመቻችሁ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ከማብሰላችሁ 30 ደቂቃ አስቀድማችሁ አውጡት፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው እሳት ያገኘ እርጎ ይቋጠራል።

እርጎው ሦስትና አራት ቀን ያደረና የኮመጠጠ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ጋራም ማሳላውን ፍጩ

2 የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሄል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ጣት የምታህል ቀረፋ በደረቅ መጥበሻ፣ በለስላሳ እሳት ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ አምሱ። ሽታው ሲነሣ አውርዱ፤ ጭስ ከታየ አልፏል፣ ጣሉት። መጥበሻው ላይ አትተዉት፤ የመጥበሻው ሙቀት ብቻውን ያሳርረዋል። ሲቀዘቅዝ ፈጭታችሁ በሚከደን ጠርሙስ አስቀምጡ። ለብዙ ድስት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ሁሉንም ከምድጃው አጠገብ ደርድሩ

ሽንኩርቱን በቢላዋ አድቅቃችሁ፣ እኩል እኩል ክተፉ። በብሌንደር አትፍጩት። ተፈጭቶ የገባ ጥሬ ሽንኩርት ውሃውን ይለቅቅና ይቀቀላል፤ ከመቅላት ይልቅ ይንጣጣል፣ መራራ ጣዕምም ያመጣል።

ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አብራችሁ ውቀጡ። ቲማቲሙን ፍጩ ወይም እጅግ አድቅቃችሁ ክተፉ። የተፈጩትን አራት ቅመሞች በአንድ ኩባያ ቀላቅላችሁ በ5 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡ። ይህ ብጥብጥ ዋና ጠባቂያችሁ ነው። ደረቅ የቅመም ዱቄት ትኩስ ዘይት ውስጥ በሰከንዶች ያርራል፤ በውሃ የራሰው ግን ውሃው እስኪተን ድረስ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ማንቆርቆሪያ ውሃ ጣዱ። በኋላ የምትጨምሩት ውሃ ሙቅ መሆን አለበት።

ደረጃ 4፦ ያልተፈጨው ቅመም በዘይት

ዘይቱን በመካከለኛ እሳት አሙቁ። አንድ የከሙን ፍሬ ጣል አድርጉ፤ ዙሪያው ወዲያው አረፋ ከሠራ ደርሷል። ሄሉን በቢላዋ ጀርባ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ከቀረፋውና ከቅርንፉዱ ጋር አስገቡ፣ 20 ሰከንድ ቆይታችሁ ከሙኑን ጨምሩ። ከሙኑ ይንጣጣል፣ ቀለሙ አንድ ደረጃ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሽንኩርቱ ይግባ፤ ስልክ ለማንሣት የሚሆን ጊዜ እዚህ የለም።

ከሙኑ ካረረባችሁ ዘይቱን ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። የጠፋው ትንሽ ዘይትና አንድ ማንኪያ ከሙን ነው፤ ከቀጠላችሁ ግን ዶሮውም ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ ሽንኩርቱን አቅሉ

ሽንኩርቱን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አስገቡ። ጨው ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል። እሳቱን መካከለኛ አድርጉና ድስቱን አትክደኑ።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ድስቱ ብዙ እንፋሎት ያወጣል፤ ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ መስታወት መስሎ ያበራል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ «ቆልቷል» ብሎ ቲማቲም ይጨምራል። ገና ነው። ውሃው እስካላለቀ ድረስ የድስቱ ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት አይዘልም፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ሽንኩርት አይቀላም። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲሆን እንፋሎቱ ይቀንስና ድምፁ ይለወጣል፤ የሚፈላው መጥበስ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ዳር ዳሩ ቢጫ፣ ከዚያ ወርቃማ ይሆናል። አሁን ከምድጃው አትራቁ፤ በየ30 ሰከንዱ አማስሉ፣ ከሥሩ ፋቅ ፋቅ አድርጉ። በጠቅላላው ከ18 እስከ 25 ደቂቃ ሲሞላው ቀለሙ በደንብ የተቆላ የገብስ ቆሎ ይመስላል። የምትፈልጉት ይህ ነው።

ሥሩ መያዝ ከጀመረ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ረጭታችሁ በማማሰያ ፋቁት። የተፋቀው ቡናማ ነገር ጣዕም ነው፤ ወደ ሽንኩርቱ መልሱት። እስከ ሦስት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ምንም አይጎዳም። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ግን እሳቱን አጥፉና ጥቁሮቹን ልቀሙ። ከለቀማችሁ በኋላ ቅመሱ፤ ምሬቱ ካለ ድስቱን አጥባችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ።

በግማሽ መንገድ እንግዳ ቢመጣባችሁ ወይም ሌላ ሥራ ቢይዛችሁ እሳቱን አጥፉ እንጂ አትቀንሱ። ተመልሳችሁ ስትለኩሱት ካቆመበት ይቀጥላል።

ደረጃ 6፦ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና የተበጠበጠው ቅመም

እሳቱን ቀንሱ። የተወቀጠውን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ፣ 2 ደቂቃ ያህል አማስሉ። ነጭ ሽንኩርት በቀላሉ ይይዛል፤ ከያዘ አንድ ማንኪያ ውሃ።

የተበጠበጠውን ቅመም አፍስሱ። ይንጫጫል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ውሃው ሲጠፋና ዘይቱ ቀይ ሆኖ ዳር ላይ ብቅ ሲል ወደ ቲማቲሙ እለፉ፤ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም።

ደረጃ 7፦ ቲማቲሙ ዘይቱን እስኪተፋ

የካሪው ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። ቲማቲሙን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አስገቡና እሳቱን ወደ መካከለኛ መልሱ። መጀመሪያ ድስቱ በሙሉ ቀላ ያለ ሾርባ ይመስላል፤ ዘይቱ የት እንደገባ አይታይም፣ ሽታውም ጎምዛዛ ነው። አትደንግጡ፣ አትክደኑም። እያማሰላችሁ ጠብቁ።

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ምልክቶች ተከታትለው ይመጣሉ። መጠኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ጎምዛዛው ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭ የቅመም ሽታ ይተካዋል። ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ድምፅ ወደ ጥብስ ድምፅ ይለወጣል። በመጨረሻም ማማሰያውን በድስቱ ሥር ስትጎትቱት የተወው መንገድ ወዲያው አይዘጋም፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ትንንሽ የዘይት ዶቃዎች ይወጣሉ፣ ተሰብስበውም ዳር ዳሩን በቀይ መሥመር ይከብቡታል። ሕንዳውያን አብሳዮች ደቂቃ ሳይሆን ይህን መሥመር ነው የሚያዩት። እናንተም ሰዓቱን ትታችሁ እሱን ተመልከቱ።

ዘይቱ አልወጣ ካለ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። ቲማቲሙ ውሃማ ነው፤ ሌላ 5 ደቂቃ ስጡት። እሳቱ ደክሟል፤ ከፍ አድርጉት። ወይም መጀመሪያ ላይ ዘይት ቀንሳችኋል፤ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ውሃው አልቆ ዘይቱ ሳይወጣ መያዝ ከጀመረ ደግሞ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና አድርቁት። ይህን ሁለቴ መደጋገም ቅመሙን ያበስለዋል እንጂ አያበላሸውም።

ትኩስ ቲማቲም ከጠፋ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ተጠቀሙ። ቶሎ ስለሚይዝ እሳቱን ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ዶሮው

እሳቱን ለአንድ ደቂቃ ቀንሱ፣ ዶሮውን ከነእርጎው አስገቡና ቀስ እያላችሁ ከቁሌቱ ጋር አዋሕዱት። እርጎው ከገባ በኋላ 2 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። ከዚያ እሳቱን ከፍ አድርጉና ለ6 ወይም ለ8 ደቂቃ እያገላበጣችሁ አቁላሉት። የዶሮው ጥሬ ቀለም ከውጭ ይጠፋል፣ ቁሌቱ ሥጋው ላይ ይለጠፋል፣ ዘይቱም እንደገና ብቅ ይላል። ይህን ዘልሎ ውሃ የሚጨምር ሰው የተቀቀለ ዶሮ በቀይ ውሃ ውስጥ ያገኛል።

ደረጃ 9፦ ውሃና ለስላሳ እሳት

1 ብርጭቆ ተኩል ሙቅ ውሃ ጨምሩ። አንዴ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ይንተክተክ። ኃይለኛ ፍል ሥጋውን ያኮማትረዋል።

የፈረንጅ ዶሮ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። የአበሻ ዶሮ ሌላ ነገር ነው፤ ከ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈልጋል፣ በየመሐሉም ሙቅ ውሃ ይጠይቃል። ጣዕሙ ግን የሚያስቆጭ አይደለም፤ ጊዜ ካላችሁ እሱን ምረጡ።

ከሕንድ አብሳዮች የምትወስዱት የማብሰያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አይበቃም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፤ ዴልሂ ላይ ግን ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ ሰዓቱን ሳይሆን ሥጋውን ጠይቁ፦ ታፋውን እስከ አጥንቱ በቢላዋ ወጋ ስታደርጉት የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ መሆን የለበትም፣ ሥጋውም ከአጥንቱ ለመላቀቅ መጀመር አለበት። የምግብ ቴርሞሜትር ካላችሁ ወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ ይድረስ።

ደረጃ 10፦ ማጠናቀቂያ

እሳቱን አጥፉ። ጋራም ማሳላውን ነስንሱ፤ የደረቀውን የአብሽ ቅጠል በመዳፋችሁ አሽታችሁ ጨምሩ፤ የድምብላል ቅጠሉን ክተፉበት። ክደኑና 15 ደቂቃ አሳርፉት። ጨው የሚቀመሰው ከዕረፍቱ በኋላ ነው።

ሲበላሽ

ጥሬ ቅመም ጥሬ ቅመም ካለ ተጨማሪ መፍላት አይፈውሰውም። ትንሽ መጥበሻ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁ፣ ከድስቱ ሦስት ጭልፋ ወፍራሙን መረቅ ቅዱበት፣ ዘይቱን እስኪተፋ አቁላሉትና መልሱት። ሙሉ ድስት የሚያድን ዘዴ ነው።

ውሃው ከበዛ ዶሮውን አውጡ፣ መረቁን ያለ ክዳን በኃይለኛ እሳት አጉድሉ፣ ዶሮውን መልሱ። ዱቄት አትበጥብጡበት።

ከጎመዘዘ ብዙውን ጊዜ ቲማቲሙ አልበሰለም ማለት ነው፤ ያለ ክዳን 10 ደቂቃ ጨምሩለት፣ ከዚያ በኋላም ካልለቀቀው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር።

ካቃጠለ ውሃ አትጨምሩ፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚሟሟው በቅባት ነው። ጥቂት ክሬም ወይም የተመታ እርጎ በለስላሳ እሳት ቀስ በቀስ አዋሕዱ።

ጨው ከበዛበት ድንች ጨውን መርጦ ይመጥጣል የሚባለውን አትመኑ። ድንቹ የሚጠጣው መረቁን ከነጨው ነው። የሚጠቅመው ያለ ጨው የተሠራ ነገር መጨመር ነው፦ የተቀቀለ ድንች፣ ሙቅ ውሃ፣ እርጎ፣ ወይም ለብቻው ያለ ጨው የተቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም።

እርጎው ከተቋጠረ መልኩ እንጂ ምግቡ አልተበላሸም፤ ብሉት። በሚቀጥለው ጊዜ እርጎው ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ የሽንብራ ዱቄት ምቱበት። የተቀመመ ሽሮ ግን አይሆንም።

ሥሩ ካረረ አትፋቁት፣ አታማስሉትም። የላይኛውን ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና ቅመሱ። ምሬቱ አብሮ ከመጣ ማዳኛ የለውም።

በጾም ቀን

ከደረጃ 4 እስከ 7 ያለው አንዳች አይለወጥም፤ ይህን አሠራር የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። 2 ብርጭቆ ሽንብራ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ቀይሩና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ቀቅሉ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ስትጫኗት ያለ ትግል እስክትፈርስ ድረስ አታውርዱ። በደጋ ከተሞች ይህ ከ2 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ግፊት ያለው ማብሰያ ድስት ያለው ሰው በሩብ ሰዓት አካባቢ ይገላገላል። ቲማቲሙ ዘይቱን ሲተፋ ሽንብራውን ከተቀቀለበት 2 ብርጭቆ ውሃ ጋር ጨምሩ፣ ከፍሬው ጥቂቱን በማማሰያ ጨፍልቁ፣ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ጥሬ ሽንብራ ቲማቲም ውስጥ አታብስሉ፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ሲወርድ ሎሚ ይጨመቅበት።

ከምን ጋር ይበላል

ባስማቲ ሩዝ ከሆነ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ፣ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ብርጭቆ ተኩል ውሃ አድርጉ። ሲፈላ ክደኑና በትንሹ እሳት 12 ደቂቃ፣ ከወረደ በኋላ ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ። ቻፓቲ የሚባለው የሕንድ ስስ ቂጣም ይሄዳል። በእንጀራ የምትበሉ ከሆነ እንጀራው ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ቲማቲሙን በሩብ ቀንሱ፣ መረቁንም ወፈር አድርጉት።

ማስቀመጥ

የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍሪጅ አስገቡ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ በማግስቱም ይበልጥ ይጣፍጣል። ስታሞቁት እስኪፈላ ድረስ አሙቁት።

ሥራ ለሚበዛባችሁ አንድ መንገድ አለ። በዕረፍት ቀናችሁ የሽንኩርቱንና የቲማቲሙን ቁሌት በሦስት እጥፍ ሥሩ፣ ደረጃ 7 ሲያልቅ አውርዱ፣ አቀዝቅዙና በሦስት ዕቃ ከፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ሁለት ወር ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ሽንኩርት ሦስት እጥፍ ሲሆን ውሃውም ስለሚበዛ ለማቅላት እስከ 45 ደቂቃ ያዙለት፣ ድስቱም ሰፊ ይሁን። ከሥራ በመጣችሁ ቀን አንዱን አውጥታችሁ ዘይቱን እስኪተፋ አሙቁትና ከደረጃ 8 ቀጥሉ።